በቅርጫት የተሠራ አምባ

የኤቶዋ ጉብታዎች የሚገኙት በአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት፣ ከአትላንታ በስተ ሰሜን ምዕራብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በካርተርስቪል ከተማ ዳርቻ ነው። ሥፍራው በኤቶዋ ወንዝ ሰሜናዊ ዳር ያረፈ ሲሆን 22 ሄክታር ገደማ ይሆናል። በውስጡ ስድስት የአፈር ጉብታዎች፣ አንድ አደባባይና ሰፈሩን ከየብስ ወገን የሚከብ የመከላከያ ቦይ አለ። በቀረው ወገን ወንዙ ራሱ አጥር ነው። ከጉብታዎቹ ትልቁ 19 ሜትር ከፍታ አለው፤ ግርጌው ከአንድ ሄክታር በላይ መሬት ይዟል፤ አናቱ እንደ ምጣድ ዝርግ ነው። ሰዎች በዚህ ሥፍራ ከ1000 እስከ 1550 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ በመሐል እየለቀቁና እየተመለሱ፣ ኖረውበታል። በኢትዮጵያ ታሪክ ቢሰላ ይህ ጊዜ የላሊበላን፣ የዘርዐ ያዕቆብንና የልብነ ድንግልን ዘመን ያቅፋል።

ሥፍራውን በአማርኛ ለመሰየም «ግንብ» የሚለው ቃል አይበቃም። ግንብ ድንጋይና ኖራ ይፈልጋል፤ በኤቶዋ ጉብታዎች ሥራ ሁለቱም የሉም። የሚቀርበው ቃል «አምባ» ነው። አምባ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ ነው፤ በሰላም ጊዜ መኖሪያ፣ በክፉ ቀን መሸሸጊያ ይሆናል። የኢትዮጵያ ነገሥታት አምባን ለብዙ ነገር ተጠቅመውበታል። በመካከለኛው ዘመን የነጋሢ ዘር የሆኑ ልዑላን በአምባ ግሸን ይጠበቁ ነበር። በጎንደር ዘመን ይኸው ሥራ ወደ አምባ ወህኒ ዞረ፤ የተራራው ስምም «ወህኒ ቤት» በሚለው ቃል ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስም የመጨረሻ ቀናቸውን ያሳለፉት በመቅደላ አምባ ላይ ነው። እነዚህን ተራሮች ግን ማንም አልሠራቸውም። ንጉሥ አምባ ያገኛል፣ ይይዛል፣ ይጠብቃል እንጂ አምባ አያበጅም። የኤቶዋ ሰዎች የሰፈሩበት ምድር ለእርሻ የተመቸ የወንዝ ዳር ሜዳ ስለ ነበር አምባ አልነበረውም። ስለዚህ አበጁት።

የአሠራሩ ነገር የሚጀምረው ከጉድጓድ ነው። በሰፈሩ ዙሪያ የሚሄደው ቦይ በአንዳንድ ቦታ እስከ 3 ሜትር ይጠልቃል፤ ከቦዩ ጋርም ሁለት ሰፋፊ ጉድጓዶች ተያይዘዋል። ለጉብታዎቹ የዋለው አፈር የተቆፈረው ከነዚህ ነው። ጉብታውና ጉድጓዱ የአንድ ሥራ ሁለት ገጾች ናቸው፤ አንዱ ከፍ ባለ ቁጥር ሌላው ዝቅ ብሏል። ሠሪዎቹ የጋማ ከብት አልነበራቸውም፤ ጋሪም አያውቁም ነበር። አፈሩ የተቆፈረው በእንጨት፣ በድንጋይና በአጥንት መሣሪያ ነው፤ የተጓዘውም በቅርጫት፣ በሰው ጀርባና ትከሻ ነው።

በዚያ ዘመን በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የተሠሩ ጉብታዎች በአርኪኦሎጂስት ቁፋሮ ቀጥ ብለው ሲቆረጡ የቁራጩ ግድግዳ ወጥ ቀለም አይኖረውም። ጥቁር የወንዝ ደለል፣ ቀጥሎ ቀይ ሸክላ፣ አጠገቡ ቢጫ አፈር ጎን ለጎን ተደርድረው ይታያሉ። እያንዳንዱ ልጥፍ የአንድ ቅርጫት ልክ ነው፤ አንድ ሰው ተሸክሞ መጥቶ ዘንበል አድርጎ የደፋው ሸክም ከወደቀበት ሳይበተን፣ ከጎረቤቱ ሳይዋሐድ ዘመናትን አልፏል። የድንጋይ ግንብ ይህን አይነግርም። ጠራቢው ድንጋዩን ካስተካከለ፣ ግንበኛውም ኖራውን ከለሰነ በኋላ የተሸካሚው ድርሻ ከዓይን ይሰወራል። በአፈር ሥራ ግን ሸክሙ እንደ ተሸከሙት ይቀመጣል። ስሙ የማይታወቅ ሰው የአንድ ጉዞው መጠን ይታወቃል።

ጉብታው በአንድ ጊዜ የተከመረ አይደለም። በአናቱ ላይ የእንጨትና የጭቃ ቤት ይሠራል፤ ጊዜው ሲደርስ ቤቱ ይፈርሳል ወይም ይቃጠላል፤ በላዩ አዲስ የአፈር ካባ ይደረባል፤ ካባው በሸክላ ይለሰንና አዲስ ቤት ይቆማል። ጉብታው የሚያድገው እንዲህ በድርብርብ ነው። አዲሱ ገዢ የቀድሞውን ቤት ከእግሩ በታች አድርጎ ይቀመጣል፤ ያለቀድሞው ግን ያን ያህል ከፍ ሊል አይችልም ነበር። ሥልጣን ከቀደመው ሥልጣን ላይ እንደሚቆም የሚገልጽ ነገር በሌላው ዓለም በጽሑፍ፣ በዜና መዋዕልና በትውልድ ሐረግ ተቀምጧል። ጽሑፍ ያልነበራቸው የኤቶዋ ሰዎች ይህንኑ በአፈር ጻፉት።

ይሁን እንጂ የከፍታው ትርጉም በሁሉም ዘመን አንድ አልነበረም። የኤቶዋን የፖለቲካ ታሪክ ያጠናው አርኪኦሎጂስት አዳም ኪንግ በ2003 ባሳተመው መጽሐፍ ዘመኑን ከፋፍሎ አሳይቷል። በመጀመሪያው ዘመን፣ ከ1000 እስከ 1200 ባለው ጊዜ፣ ጎልቶ የሚታየው የማኅበሩ ሥራ ነው። ከዚያ ዘመን ከተገኙት ነገሮች መካከል የድግስ ትራፊ የሞላባቸው ጉድጓዶች ይገኛሉ። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፤ «ግብር» ይባላል። ሕዝብ ለገዢ የሚያስገባው ግብር ነው፤ ገዢ ለሕዝብ የሚያበላውም ግብር ነው። በኤቶዋም በቆሎው ከየማሳው ወደ አደባባዩ ይመጣል፤ በአደባባዩም ይበላል። የበላው ሰው በማግሥቱ ቅርጫቱን ይዞ ቢሰለፍ የሚያስደንቅ አይሆንም። ጉብታው ገና የሁሉ ነበር።

ከ1200 በኋላ ሥፍራው ለጥቂት ዐሥርት ዓመታት ባዶ ሆነ። ከ1250 ገደማ ጀምሮ ሰዎች ሲመለሱ የመጣው ሥርዓት ሌላ ነው። ትልቁ ጉብታ ወደ ዛሬው ግዝፈቱ ያደገው በዚህ ዘመን ነው። ከሱ ራቅ ብሎ «ጉብታ ሲ» ተብሎ የሚጠራው የመኳንንቱ መቃብር ሆነ፤ ከ350 በላይ ሰዎች ተቀብረውበት ተገኝተዋል። ከሟቾቹ ጋር የተቀበረው ዕቃ ከሩቅ የመጣ ነው፦ የባሕር ቀንድ አውጣ ዛጎል፣ ቀጭን ሆኖ የተቀጠቀጠ የመዳብ ሰሌዳ፣ የድንጋይ ምሳር። በመዳቡ ላይ የተቀረጸው ክንፍ ያለው ጨፋሪ በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላው የተቆረጠ የሰው ራስ ይዟል። የአሳሳሉ ስልት በሚሲሲፒ ወንዝ አጠገብ ከነበረችው ታላቋ የካሆኪያ ከተማ ጥበብ ጋር በቅርብ ይዛመዳል። እንግዲህ ከፍታው ባለቤት አገኘ። ከታች ያለው ሰው ከላይ ያለውን ቀና ብሎ ማየት ነበረበት፤ ከላይ ያለውም ክብሩን የሚያስረዳው ከታች ባለው ሕዝብ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ ሩቅ አገር ባለው ወዳጅና ዕቃ ጭምር ነበር።

የግንድ አጥሩ የመጣውም በዚህ ዘመን ነው። ወፋፍራም ግንዶች ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ተተከሉ፤ በየ25 ሜትሩ ገደማ ከአጥሩ ወጣ ያሉ ማማዎች ቆሙ። ማማው ወጣ ያለበት ምክንያት ቀስተኛው አጥሩ ሥር የተጠጋውን ጠላት ከጎን እንዲያገኘው ነው። ከአውሮፓ እስከ ምዕራብ እስያ የነበሩ ምሽግ ሠሪዎችም ይህንኑ ዘዴ ያውቁት ነበር። እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ ሁሉም ወደ አንድ መልስ የደረሱት ጥያቄው አንድ ስለ ሆነ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ጊዜው ነው፦ ከመጀመሪያው ጉብታ እስከ አጥሩ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አልፏል። ድግሱ ያለ አጥር ተደግሷል፤ አጥሩ የተከተለው ሀብትና ማዕረግ በጥቂቶች እጅ ሲከማች ነው።

አጥሩም አላዳናቸውም። በ1375 ገደማ አጥሩ ተቃጠለ፤ ሰፈሩም ተለቀቀ። የዚያን ጊዜ መረበሽ ከሁሉ አጉልተው የሚያሳዩት ሁለት የእብነ በረድ ሐውልቶች ናቸው። አንዱ እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ ወንድ፣ ሌላዋ የተንበረከከች ሴት ናቸው። ቁመታቸው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደታቸው እያንዳንዱ ከ55 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ፊታቸው ላይ የቀለም ርዝራዥ ይታያል፤ ዓይናቸው ፈጦ፣ አፋቸው ገርበብ ብሏል። ተመራማሪዎች የገዢው ቤተሰብ የዘር ሐረግ የሚቆጠርባቸው አያቶች ምስል እንደ ሆኑ ያስባሉ። እንዲህ ያለ ምስል በክብር ይቀመጣል ተብሎ ይጠበቃል። በ1954 ከመቃብር ጉብታው ግርጌ ሲገኙ ግን አንዱ በሌላው ላይ ተወርውሮ፣ ከፊላቸው ተሰብሮ፣ አብሯቸውም የተቆራረጠ የአራት ሰዎች አፅም ነበር። የቀበራቸው ሰው ቸኩሎ ነበር። ጠላት እንዳያገኛቸው የደበቃቸው የቤቱ ሰው ይሁን ወይስ ያዋረዳቸው ጠላት፣ ጉድጓዱ ይህን ለይቶ አይናገርም፤ ጥድፊያውን ብቻ ይናገራል።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ሰዎች እንደ ገና ተመልሰው ሰፈሩ። ነሐሴ 1540 የኤርናንዶ ዴ ሶቶ የስፔን ጦር «ኢታባ» ወደምትባል መንደር ደርሶ ወንዙ ሞልቶ ስለ ነበር ጥቂት ቀናት ተቀመጠ። የጉዞውን መሥመር ያጠኑ የታሪክ ሰዎች ይህች መንደር ኤቶዋ መሆኗን ይስማሙበታል። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ በሌላው የዓለም ዳር፣ አምባ ግሸን በኢማም አሕመድ ሠራዊት እጅ ወድቆ ነበር። ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር የለም፤ ግን ሁለቱም አንድ ነገር ያስረዳሉ። ከፍታ የሚጠብቀው ከሚያውቀው ጠላት ብቻ ነው። በኤቶዋ በኩል የመጣው ጠላት በዓይን የማይታይ በሽታም ይዞ ነበር፤ ማማ ላይ የቆመ ቀስተኛ እሱን አያስቆመውም። በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ሥፍራው ፈጽሞ ተለቀቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ሠሪዎቹ የተካዱበት ታሪክ ነው። በ1810ዎቹ መጨረሻ የመጡ ነጭ ጎብኚዎች ትልቁን ጉብታ ያገኙት ግዙፍ ዛፎች በቅለውበት ነበር። በዚያ ክፍለ ዘመን ብዙ የተማሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን ሥራ የአገሬው ሕዝብ ሊሠራው አይችልም ብለው ያምኑ ነበር። የጠፉት የእስራኤል ነገዶች፣ ፊንቄያውያን፣ ስሙ ያልታወቀ የጠፋ ዘር ሠራው ተባለ። እምነቱ ጥቅምም ነበረው፤ የጉብታው ሠሪዎች ሌሎች ከሆኑ በዙሪያው የሚኖሩትን ሕዝቦች ከመሬታቸው መንቀል ይቀልላል። የክሪክ (ሙስኮጊ) ሕዝብ በ1836፣ የቼሮኪ ሕዝብ በ1838 በጦር ኃይል ተገደው ወደ ምዕራብ ተጋዙ። የስሚዝሶኒያን ተቋም ባልደረባ የነበረው ሳይረስ ቶማስ ብዙ ጉብታዎችን አስቆፍሮ ሠሪዎቹ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መሆናቸውን በማስረጃ ያረጋገጠው በ1894 ነው። እውነቱ ሲታተም መሬቱ ከተወሰደ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ክርክር ያውቀዋል። የጎንደርን ግንቦች ፖርቱጋሎች ሠሯቸው የሚል ወሬ ለረጅም ጊዜ ተወርቷል። ሆኖም ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በ1636 ሲቆረቁሩ ኢየሱሳውያንን ካባረሩ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ከዚያም በፊት ዐፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597) በእንፍራዝ አቅራቢያ፣ ጣናን ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ፣ ባለ ክብ ማማውን የጉዛራን ግንብ አሠርተዋል። የውጭ አገር ባለሙያ እጅ በሥራው ይኑርም አይኑርም፣ ድንጋዩን ከወንዝ ያወጣ፣ ኖራውን ያቃጠለ፣ ውኃውን ወደ ኮረብታው ያመላለሰ የአገሬው ሰው ነው። ይህ ሰው ሁለት ጊዜ ይረሳል፦ መጀመሪያ ግንቡ በንጉሡ ስም ሲጠራ፣ ቀጥሎ ሥራው ለባዕድ ሲሰጥ።

አርኪኦሎጂ የተረሳውን የመመለስ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የራሱ ዕዳ አለበት። በኤቶዋ ጆን ሮጋን በ1880ዎቹ፣ ዋረን ሙርሄድ ከ1925 እስከ 1928፣ ሉዊስ ላርሰንም ከ1954 ጀምሮ ቆፍረዋል። በሦስቱ ቁፋሮ የመቃብር ጉብታው እስከ መሬቱ ድረስ ወርዶ አልቋል፤ ዛሬ የሚታየው ከቁፋሮው በኋላ እንደ ገና የተከመረ ነው። መጽሐፍን የሚያነብ ሰው ገጹን ሲገልጥ ገጹ አይጠፋም፤ መሬትን የሚያነብ ሰው ግን ያነበበውን ገጽ ያጠፋል። ያነበበው ነገር የሟች ዘመዶች የሚቆጩበት መቃብር ሲሆን ዕዳው ይከብዳል። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1990 ባወጣው ሕግ የነባር ሕዝቦች አፅምና የመቃብር ዕቃ ለወገኖቻቸው የሚመለስበት መንገድ ተከፍቷል። በ2000ዎቹ የተደረገው ጥናት ደግሞ አካፋ አልያዘም፤ የመሬቱን መግነጢሳዊ ኃይል በመለካት ብቻ ከ100 በላይ ቤቶች የነበሩበትን ቦታ ለይቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩት የተራ ሰዎች ቤቶች ናቸው። ቅርጫት ተሸካሚዎቹ የት ያድሩ እንደ ነበር ከመቶ ዓመት በላይ ቁፋሮ ያላሳየውን አለመቆፈር አሳየ።

«ኤቶዋ» የሚለው ስም የመጣው ከሙስኮጊ ቋንቋ እንደ ሆነ ይታመናል፤ «ታልዋ» በዚያ ቋንቋ ከተማ ማለት ነው። ይሁንና ታልዋ የቤቶች ክምችት ብቻ አይደለም፤ በአንድ እሳት ዙሪያ የሚሰበሰብ ማኅበር ነው። ከአላባማ የተጋዙ የሎቻፖካ ታልዋ ሰዎች የእሳታቸውን ፍምና አመድ ይዘው ተጉዘው አሁን ቱልሳ በምትባለው የኦክላሆማ ከተማ፣ ከአንድ የወርካ ያህል ግርማ ካለው ዛፍ ሥር በ1836 እሳቱን እንደ ገና አነደዱት። አማርኛው «ከተማ» ከዚህ ሩቅ አይደለም። ቃሉ የወጣው ከ«ከተመ» ሲሆን ንጉሡና ሠራዊቱ ድንኳን ተክለው የሰፈሩበትን ቦታ ያመለክት ነበር፤ ንጉሡ ሲነሣ ከተማው አብሮ ይነሣል። ጎንደር ላይ 900 ሜትር ርዝመት ያለው የግቢ ቅጥር ከመቆሙ በፊት ከተማ ማለት የሚጓዝ ሕዝብ ነበር። አምባው ከቦታው አይነቃነቅም፤ ታልዋውና ከተማው ግን በሰው እግር ይሄዳሉ። ስለዚህ ኤቶዋ «የጠፋ ሥልጣኔ» ፍርስራሽ ነው ማለት ስሕተት ነው። የሙስኮጊ ሕዝብ ዛሬም መንግሥት፣ ቋንቋና የታልዋ ስሞች አሉት፤ የኤቶዋን ጉብታዎችም የአባቶቹ ሥራ መሆናቸውን ያውቃል።

አትላንታ ራሷ የአፈር ምሽግ ታውቃለች። በ1863 እና 1864 በእርስ በርሱ ጦርነት ወቅት መሐንዲሱ ሌሙኤል ግራንት በከተማይቱ ዙሪያ ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ የምሽግ ቀለበት አሠራ። አፈሩን የቆፈሩትና የተሸከሙት ከጌቶቻቸው በኪራይ የመጡ ባሪያዎች ነበሩ። የሰሜኑ ጦር አዛዥ ሼርማን ምሽጉን ፊት ለፊት መግጠም አልፈለገም፤ የባቡር ሐዲዶቹን ቆረጠ፤ ከተማይቱም በ1864 መስከረም መጀመሪያ ወደቀች። ከቀለበቱ የተረፈው ፎርት ዎከር የተባለው ምሽግ በግራንት ፓርክ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ከፍ ብሎ ይታያል። ፓርኩ በመሐንዲሱ ስም ይጠራል፤ ምሽጉ በአንድ ጄኔራል ስም ይጠራል። በተሸካሚዎቹ ስም የሚጠራ ነገር እዚያ የለም።

የኤቶዋን ሥፍራ የጆርጂያ ግዛት በ1953 ገዝቶታል፤ በ1964 ደግሞ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። ጎብኚ ዛሬ በተሠራለት ደረጃ ወደ ትልቁ ጉብታ አናት ይወጣል፤ ከዚያ ወንዙን፣ ሜዳውንና ሩቅ ያሉትን ኮረብቶች ያያል፤ ፎቶ ያነሣል፤ ይወርዳል። ከመኪና ማቆሚያው ወደ ጉብታው ሲሄድ የሚሻገረው ሣር የለበሰ ረባዳ ግን ለብዙዎች ተራ ቦይ ይመስላል። ከትከሻ ወደ ትከሻ እያለፈ አናቱን የሠራው አፈር የወጣው ከዚያ ነው። ወደዚያ የሚሄድ አንባቢ ከመውጣቱ በፊት ቦዩ ዳር ቆሞ ቁልቁል ይመልከት።